ስንት ይሄዳል?

ቦሌ አካባቢ መኪና በሚከራይበት ግቢ ሁሉ የርክክቡ ሥርዓት ያው ነው። አከራዩ መኪናውን ይዞራል፤ የተጫረውንና የተላጠውን በስልኩ ፎቶ ያነሣል፤ መንጃ ፈቃድና መታወቂያ ኮፒ ይደረጋል፤ ቀብድ ይቆጠራል። መኪናው ኤሌክትሪክ ከሆነ አንድ ጥያቄ ይጨመራል። «ሙሉ ቻርጅ ስንት ይሄዳል?» አከራዩ ገባ ብሎ ስክሪኑን ያበራል፤ መቶ በመቶ ከሚለው አጠገብ ወዳለው ቁጥር ጣቱን ይቀስራል። «ይኸው፣ 510።» የተከራዩ ልብ ቀድሞ ሐዋሳ ገብቷል። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ 550 ይሆናል። «እዚያ ትንሽ ከሞላሁ እመለሳለሁ» ይልና ይፈርማል።

በዚህ ርክክብ የዋሸ ሰው የለም። አከራዩ ያየውን ተናገረ፤ ስክሪኑም ፋብሪካው የነገረውን አሳየ። ችግሩ ጥያቄው ላይ ነው። «ስንት ይሄዳል?» የሚለው ጥያቄ ከቤንዚን መኪና የወረስነው ነው፤ ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን በምን ፍጥነትና በየትኛው አቅጣጫ እንደሚነዳ ካልተጨመረበት መልስ የለውም። ተከራይ ማወቅ ያለበት የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ሳይሆን ባትሪው ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚይዝና መኪናው መቶ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስንት እንደሚበላ ነው። ማካፈሉን ራሱ ይሠራዋል። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ወደ ኪራይ ግቢዎች የሚገባው አዲስ መኪና እየዋለ እያደረ ኤሌክትሪክ ስለሚሆን፣ ይህን ስሌት ለባለሙያ ብቻ መተው አያዋጣም።

510 ከየት መጣ? ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት ከሚታዩት አንዱን፣ የቢዋይዲን ዩዋን ፕላስ እንውሰድ። ትልቁ ባትሪው 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ቻይና ውስጥ የተጻፈለት ርቀት 510 ኪሎ ሜትር ነው። ይኸው መኪና አቶ 3 ተብሎ አውሮፓ ሲሸጥ፣ ያው መጠን ያለውን ባትሪ ይዞ፣ 420 ተብሎ ይጻፍበታል። መርከብ ላይ የጠፋ 90 ኪሎ ሜትር የለም፤ የተለያየው ፈተናው ነው። ሲኤልቲሲ የሚባለው የቻይና ፈተና መኪናውን ቤተ ሙከራ ውስጥ በሚሽከረከር ከበሮ ላይ አቁሞ ለ30 ደቂቃ ያስነዳዋል። የዚያ ጉዞ አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከጊዜው አምስት አንዱን ያህል መኪናው ቆሞ ነው የሚያሳልፈው፤ ከፍተኛው ፍጥነት 114 ቢሆንም እዚያ የሚቆየው ለአፍታ ነው። ደብልዩኤልቲፒ የተባለው የአውሮፓው ፈተናም 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ አማካይ ፍጥነቱ ግን 46.5፣ ጣሪያውም ከ131 በላይ ነው። እንግዲህ 510 የሚለው ቁጥር፣ መንገዱ ደህና በሆነ ሰዓት ታክሲ ከቦሌ ፒያሳ በሚሄድበት ፍጥነት የተለካ ነው። ማጭበርበር አይደለም፤ ቻይናዎቹ የራሳቸውን ከተሞች አነዳድ አጥንተው ያወጡት መለኪያ ነው። ከሳሪስ አራት ኪሎ ለሚመላለስ ሰው ከእውነት ብዙ አይርቅም። ወደ ሐዋሳ ለሚወጣ ሰው ግን የሌላ ጉዞ ቁጥር ነው።

ከተማ ውስጥ መኪናን የሚይዘው በዋናነት የጎማው ልፊያና የመነሣት የመቆሙ ነገር ነው። የፍጥነት መንገድ ላይ ጠላቱ አየር ይሆናል፤ አየር ደግሞ በፍጥነት ልክ ብቻ አይደለም የሚከብደው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ከ80 ወደ 120 ሲኬድ ፍጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነው፤ ግፊቱ ግን ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ሰውና ሻንጣ ጭኖ ሁለት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ዩዋን ፕላስ ወስደን፣ የአካሉን ቅርጽ፣ የጎማውን ልፊያና የኤሲውን ፍጆታ አስገብተን በግምት ብናሰላው፣ ሜዳ ላይ በ80 ሲነዳ በመቶ ኪሎ ሜትር 13 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። በ100 ሲነዳ 16፣ በ120 ደግሞ 19 ተኩል ይደርሳል። ባትሪውን ለእያንዳንዱ ስናካፍለው 465፣ 378 እና 310 ኪሎ ሜትር ይመጣል። መኪናው አልተቀየረም፤ የተቀየረው የቀኝ እግር ነው። ይህ ስሌት ለእኛ እንዲያውም ደግ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ያለው ምድር ከፍታው 1,600 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአምስት አንድ ያህል የሳሳ ነው። ሯጭን የሚያስተነፍሰው ስስ አየር ለኤሌክትሪክ መኪና በረከት ነው። ያው መኪና ጅቡቲ ዳርቻ ላይ በ120 ቢነዳ 270 ኪሎ ሜትር ላይ ባትሪው ባዶ ይሆን ነበር።

የቤንዚን መኪናስ ሲሮጥ አይበላም ወይ? የሚል ይኖራል። ይበላል፤ ነገር ግን ሁለት ልዩነት አለ። የመጀመሪያው ማደያ ነው፤ ሞጆ ላይ እያለቀበት ያለ ሰው ባቱ ላይ ይሞላል፤ ቢብስ በጀሪካን ያስመጣል። ኤሌክትሪክ በጀሪካን አይመጣም። ሁለተኛው ልዩነት ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ አብዛኛውን ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል፤ ብክነቱ የሚከፋው ደግሞ ከተማ ውስጥ፣ ቆሞ ሲንተከተክ ነው። ከከተማ ሲወጣና በአንድ ፍጥነት ሲሄድ ይሻለዋል። ለዚህ ነው ሹፌር ሁሉ «አገር አቋራጭ ላይ ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን የሚያባክነው ጥቂት ነው፤ ከተማ ውስጥ ፍሬን በተያዘ ቁጥርም ሞተሩ ወደ ጄኔሬተርነት ተለውጦ ጉልበቱን ለባትሪው ይመልሳል። ከተማው ቤቱ ነው፤ የፍጥነት መንገዱ ፈተናው ነው። ከልማዳችን ጋር ፍጹም የተገላቢጦሽ ስለሆነ ነው ልምድ ያለው ሹፌር ከጀማሪው ይልቅ የሚሳሳተው። የአሜሪካው ካር ኤንድ ድራይቨር መጽሔት ከ350 በላይ መኪኖችን በሰዓት 75 ማይል፣ ማለትም በ120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ ያገኘው ውጤት በ2023 እ.ኤ.አ. በጥናት መልክ ቀርቦ ነበር። የቤንዚን መኪኖቹ ለአገር አቋራጭ ከተጻፈላቸው በአማካይ 4 በመቶ በልጠው ሲሄዱ፣ ኤሌክትሪኮቹ ከተጻፈላቸው 12.5 በመቶ አንሰው ነው የተገኙት። ልብ በሉ፣ የአሜሪካው መለኪያ የቤተ ሙከራውን ውጤት ብዙውን ጊዜ በ0.7 አባዝቶ አስቀድሞ የሚቀንስ፣ ከሦስቱ ሁሉ ጠንቃቃው ነው። ያም ሆኖ አልበቃም።

ወደ ሐዋሳው መንገድ እንመለስ፤ የጉዳዩ ሥጋ ያለው እዚህ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ሐዋሳ 1,700 ላይ። በመሃሉ ያለው 650 ሜትር ቁልቁለት ለሁለት ቶን መኪና 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ስጦታ ነው። ወጥ የሆነ ቁልቁለት ግን አይደለም። ሞጆን፣ መቂንና ባቱን አልፎ ወደ አርሲ ነጌሌ ሲቃረብ መንገዱ መልሶ ወደ 2,000 ሜትር ይወጣል፤ ከዚያ ነው ሻሸመኔን ይዞ የሚወርደው። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሜዳ ቢሆን 44 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠይቀው ጉዞ ሲወርድ ወደ 41 ዝቅ ይላል፤ ተከራዩ ሐዋሳ የሚገባው ከባትሪው ሲሶው ተርፎት ነው። ደስ ይለዋል፤ «እንደመጣሁ እመለሳለሁ» ይላል። አይመለስም። ስጦታው ሲመለስ ዕዳ ይሆንና ዳገቱ፣ የሞተሩ ብክነት ተጨምሮበት፣ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያስከፍለዋል፤ ጉዞው 48 ይደርሳል። በመውጣትና በመውረድ መካከል ያለው ልዩነት ከ7 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው፤ በ100 ፍጥነት ለሚነዳ ሰው ይህ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ከሐዋሳ አዲስ አበባ ያለው መንገድ ለባትሪ ሲሆን ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ካለው ይረዝማል። ይህን የሚነግር መለያ ወረቀት በየትኛውም አገር አይጻፍም፤ የዓለም ፈተናዎች ሁሉ ከበሮው ላይ ዳገት የላቸውም።

ወደ ጎጃም ለሚሄድማ ነገሩ ይበረታል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት፣ ከድልድዩም ወደ ደጀን ያለው ዳገት፣ እያንዳንዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ለእኛው ባለሁለት ቶን መኪና አንድ ሺህ ሜትር መውጣት ብቻ ከ6 ኪሎዋት ሰዓት በላይ፣ ከባትሪው አንድ አሥረኛ የሚሆን ይጠይቃል፤ ወደፊት የሄደበት ፍጆታ ገና አልተቆጠረም። በቁልቁለቱ ጉልበቱ ይመለሳል፤ ግን የተወሰነው እንጂ ሁሉም አይደለም። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ደግሞ የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ሸክሙ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ረዥም ቁልቁለት ጫፍ ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ መገኘት፣ ለቤንዚን ሹፌር ሊገባው ባይችልም፣ ጥሩ ነገር አይደለም።

ስክሪኑስ ሲነዱት አይታረምም ወይ? በአንዳንዱ ይታረማል። ቢዋይዲ መኪኖች ላይ የርቀት ቁጥሩ በሁለት መንገድ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። አንደኛው የመለያውን ቁጥር በባትሪው በመቶኛ የሚያባዛ ነው፤ ግማሽ ባትሪ ካለ፣ ሹፌሩ በ60ም ይንዳ በ130፣ 255 ይላል። ሁለተኛው በቅርቡ የተነዳበትን ፍጆታ እያየ የሚያሰላ ነው። የቱ እንደተመረጠ የሚታወቀው ማስተካከያው ተከፍቶ ሲታይ ነው፤ ስክሪኑ በቻይንኛ በሆነበት መኪና ላይ ይህን የሚሞክር ተከራይ ጥቂት ይመስለኛል። ሁለተኛውም ቢሆን ነቢይ አይደለም፤ ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ የተከራየ ሰው የነዳውን ይዞ ነው ስለ ነገው የፍጥነት መንገድ የሚተነብየው። በመቶኛው ራሱም ላይ አንድ ነገር አለ። እነዚህ መኪኖች የያዙት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ዕድሜው ረዥም፣ በቀላሉም እሳት የማይነሣበት ቢሆንም፣ ቮልቴጁ ከላይ እስከ ታች ብዙ ስለማይለዋወጥ ስንት እንደቀረው ለመለካት ያስቸግራል። ለዚህ ነው አምራቾች በየጊዜው እስከ መቶ እንዲሞላ የሚመክሩት፤ ሲሞላ ቆጣሪው ራሱን ያርማል። በኪራይ ላይ ያለ መኪና ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር በግማሽ ተሞልቶ በግማሽ የሚወጣ ነው።

አሁን ዋናውን ተቃውሞ እናንሣ። «እኔ ሐዋሳ ድረስ ሄጄበታለሁ፤ ሳልሞላ ደርሻለሁ፤ ግማሽ ያህል ተርፎኛል» የሚሉ ሹፌሮች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በ80 የነዳ ሰው የመውረጃው ጉዞ የሚጠይቀው 33 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከባትሪው 45 በመቶ ይተርፈዋል። ምስክርነታቸው የሚያፈርሰው «ኤሌክትሪክ መኪና ከከተማ አይወጣም» የሚለውን ወሬ ነው፤ ያ ወሬ መፍረስም አለበት። ፍጥነት ወሳኝ ነው የሚለውን ግን ይበልጥ ያጸናዋል። ታዲያ ሁሉም ሰው በ80 ይንዳ? ሰው ሐዋሳ የሚሄደው ሊዝናና እንጂ ከጭነት መኪና ጀርባ ሊሰለፍ አይደለም፤ ቅሬታው ተገቢ ነው። ዋጋውን እናስላው። 275 ኪሎ ሜትሩን በአማካይ በ100 የሄደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ በ80 የሄደ ደግሞ 3 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ይፈጅበታል። የዘገየው በ41 ደቂቃ ነው፤ ያተረፈው 8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያን ያህል ኤሌክትሪክ በ7 ኪሎዋት ቻርጀር ለመሙላት ከአንድ ሰዓት በላይ፣ በግድግዳ ሶኬት ደግሞ አራት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ፈጣን ቻርጀር በቅርብ ርቀት በተተከለበት የአውሮፓ አውራ ጎዳና ስሌቱ ይገለበጣል፤ 8 ኪሎዋት ሰዓት በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስለሚሞላ በፍጥነት ነድቶ መሙላት ያዋጣል። እኛ ዘንድ ፈጣኖቹ ቻርጀሮች በአብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ለጊዜው ቀስ ብሎ የሚነዳው ነው ቀድሞ የሚደርሰው።

የሐዋሳው ሆቴል ሶኬት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ዕቅድ የሚበላሸው እዚያ ነው። ተራ ሶኬት በ220 ቮልት 10 አምፔር ቢሰጥ ኃይሉ 2.2 ኪሎዋት ነው። በ100 ነድቶ የመጣውና በዚያው ፍጥነት ሊመለስ ያሰበው ተከራያችን 33 በመቶ ላይ ነው ያለው። ለመመለሻው 48 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገዋል፤ መንገድ ላይ ላለመቅረት 10 በመቶ መጠባበቂያ ቢጨምርበት ባትሪው 90 በመቶ መድረስ አለበት። መሙላት ያለበት ከ34 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ የሰካው መኪና በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይም አይጨርስም፤ ያውም መብራት ካልጠፋ፣ የሆቴሉም ዘበኛ «ሌላ እንግዳ ይሰካ» ብሎ ካልነቀለው። በ80 ለመመለስ ከወሰነ ግን 76 በመቶ ይበቃዋል። ፈጣን ቻርጀር ቢገኝ እንኳ የሶኬቱ ዓይነት መጠየቅ አለበት፤ ከቻይና በቀጥታ የመጣው መኪና የቻይናው መሰኪያ ነው ያለው፤ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዱ በሌላው አይገባም። አስማሚ መኖሩን መጠየቅ ቦሌ ላይ ነው እንጂ ሻሸመኔ ላይ አይደለም።

ውጭ ላለው ወገናችን ከሆነ ዳገቱን በብርድ ይተካው። ሚኒያፖሊስ ወይም ስቶክሆልም ላይ በክረምት ኤሌክትሪክ መኪና የሚከራይ ሰው የመኪናውን ውስጥ ማሞቂያ የሚያገኘው ከዚያው ባትሪ ነው፤ የቤንዚን ሞተር በነጻ የሚበትነው ሙቀት እዚህ የለም። ባትሪውም ራሱ ሲበርደው ኬሚስትሪው ይፈዛል። የደቡብ ኮሪያ የንግድ ውድድር ኮሚሽን በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ቴስላን 2.85 ቢሊዮን ዎን የቀጣው የመኪኖቹ ርቀት በብርድ ጊዜ ከተነገረው እስከ ግማሽ እንደሚያጥር ለገዢ አላሳወቀም ብሎ ነው። ሕግ ያለበት አገር አንድ ቁጥር ብቻ መናገርን እንደ ጥፋት ሊቆጥረው እንደሚችል ያሳያል።

ባትሪው እየተለቀ ስለሚሄድ ይህ ሁሉ የጊዜ ነገር ነው የሚሉም አሉ። ባትሪው ይተልቃል፤ ግን በመለያውና በመንገዱ መካከል ያለው ክፍተት ከነፋስና ከዳገት የመጣ ስለሆነ አብሮ ይተልቃል። 700 ተብሎ የተጻፈበትም በ120 ሲነዳ 700 አይሄድም። ላሊበላ ወይም ጎንደር በሁለት ቀን ደርሶ መመለስ ላለበት ሰው ዛሬ ቤንዚን መከራየት ነው የሚሻለው፤ ይህን መናገር የኤሌክትሪክ መኪና ጠላትነት አይደለም። ለአዳማ፣ ለቢሾፍቱ፣ ለሐዋሳም ግን ቁጥሩን ለሚያውቅ ሰው ኤሌክትሪኩ ርካሽና ምቹ ነው።

አከራዮች ሆይ፣ ውላችሁ ላይ የጭረቱን ፎቶ የምታያይዙትን ያህል ሦስት ነገር ጻፉ፦ ባትሪው የሚይዘውን ኪሎዋት ሰዓት፣ መኪናው በ100 ፍጥነት በመቶ ኪሎ ሜትር የሚበላውን፣ የመሰኪያውን ዓይነት። ተከራይም «ስንት ይሄዳል?» ማለቱን ትቶ «በመቶ ስንት ይበላል?» ይበል። ዩዋን ፕላስ ለሚከራይ ሰው መልሱ 16 ነው፤ ከሐዋሳ ሲመለስ ደግሞ 17 ተኩል።